ምርቃትና ሳሙና

በሽማግሌ ላይ የጮህኩት በሕይወቴ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። የመጀመሪያው የባለቤቴ አባት ነበሩ፤ እሳቸውም መልሰው ስለጮሁብኝ ተቻችለናል። በሁለተኛው ግን ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የእኔ ነው። ጩኸት ብቻ ሆኖ በቀረ! ክንዳቸውን ይዤ ገፍትሬአቸዋለሁ፤ ያውም ነጭ ጋዋን ለብሼ፣ ያውም የገዛ የልጅ ልጃቸውን ሊመርቁ ሲሉ።

ሸዋ ሮቢት ውስጥ በነርስነት ስሠራ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ወባ የጣለው፣ ጊንጥ የነደፈው፣ ከማንጎ ዛፍ የወደቀ፣ ሞተር ሳይክል በአንድ ቀን እለምዳለሁ ብሎ የተፈጠፈጠ፣ ሁሉንም አይቻለሁ። የሕፃን ደም ሥር ስቼ አላውቅም ብዬም እፎክራለሁ። ውሸት ነው፤ ግን ሕፃናቱ አድገው እስኪመሰክሩብኝ ድረስ ማን ያውቃል? ደረቷ ላይ ቱቦ ይዛ የመጣች ልጅ ግን እስከዚያች የግንቦት ቀን ድረስ አይቼ አላውቅም ነበር።

ልጅቷ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። ፀጉሯ የረገፈ ራሷን በእናቷ ቢጫ ሻሽ ጠቅልላ፣ የማከሚያ ክፍሌን ከጣሪያ እስከ ወለል ቃኝታ፣ አልጋው ላይ ሳይነግሯት ወጥታ ተቀመጠች። እናቷ ከአዲስ አበባ የተጻፈ ደብዳቤና አንድ ፌስታል ሙሉ ዕቃ ሰጠችኝ። ደብዳቤው ልጅቷ የደም ካንሰር ሕክምና ላይ እንዳለች ይላል። መድኃኒቱ የሚሰጣት በዙር ነው፤ በዙሮቹ መሃል እናቷ አዲስ አበባ መክረም አልቻለችም፤ ሌሎች ልጆችና የሽንኩርት ማሳ ጥላ ነው የሄደችው። ስለዚህ ቱቦውን እኛ እንድንጠብቅ ተጽፎልናል።

ቱቦው ቀጭንና ነጭ ነው። አንዱ ጫፍ በአንገቷ ሥር ባለው ትልቅ ደም ሥር ገብቶ ልቧ ደጃፍ ድረስ ይደርሳል፤ ሌላው በቆዳዋ ሥር ተሹለክልኮ በደረቷ ቀኝ በኩል ይወጣል። ጫፉ ላይ ክዳንና መቆንጠጫ አለው። ብርቱው የካንሰር መድኃኒት የሚገባው በዚህ ነው፤ ለምርመራ ደም የሚቀዳውም በዚህ ነው፤ ምክንያቱም የእጆቿ ሥሮች በመወጋት ብዛት ጠፍተዋል። ደብዳቤው መጨረሻ ላይ ከሥሩ የተሰመረበት ነገር አለ፦ በቱቦው በኩል ጀርም ከገባ በቀጥታ ልቧ ዘንድ ነው የሚደርሰው፤ መድኃኒቱ የመከላከል አቅሟን ስላደከመው ሊገድላት ይችላል፤ ባይገድላት እንኳ ቱቦው ይነቀላል፣ ሕክምናውም ይቋረጣል። ሳይታጠብ ማንም አይንካት፤ ትኩሳት ካላት ሰዓት አይባክን፣ ወዲያው ወደ አዲስ አበባ ትምጣ።

«ታውቂዋለሽ አይደል ሲስተር?» አለችኝ እናቷ።

«በደንብ እንጂ» አልኳት። ከዚያ ዕቃ ላመጣ ብዬ መጋዘን ገባሁና በሩን ዘግቼ ደብዳቤው ላይ ላለችው የአዲስ አበባ ነርስ ደወልኩ። ደግ ሰው ናት፤ እንደ ቅዳሴ ሥርዓት እየደጋገመች አስጠናችኝ። ስወጣ አረማመዴን ሳይቀር አሳምሬ ነበር።

መጀመሪያ መስኮቱን ዘጋሁ። ቀጥሎ ቬንትሌተሩን አጠፋሁ፤ አቧራ እንዳያነሳ። በግንቦት ሸዋ ሮቢት ውስጥ ቬንትሌተር ያጠፋ ሰው ምን እንደሚባል የአገሩ ሰው ያውቃል። ከአጠገቤ ያሉት ክፍሎች በሙሉ መብራት የጠፋ መስሏቸው መጮህ ጀመሩ። ማስክ አደረግን፤ ላብ አጠመቀኝ። እጄን ታጥቤ፣ ጓንቴን አጥልቄ፣ የቱቦውን ክዳን በአልኮል መፈተግ ጀመርኩ። እስከ ሠላሳ እየቆጠሩ ነው የሚፈተገው።

«ዘለልሽ» አለች ልጅቷ።

«ምኑን?»

«ከስምንት ወደ አሥራ ሁለት ዘለልሽ። የአዲስ አበባዋ ሲስተር አትዘልም።»

እናቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ትከሻዋ በሳቅ ሲርገበገብ ግን አየሁት። እንደ አዲስ ከአንድ ጀመርኩ። ሠላሳ ስደርስ ሲሪንጁን ላስገባ ስል እጄን አየችና «አልደረቀም» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ አልኮሉ እስኪደርቅ መጠበቅ አለበት። ጠበቅኩ። ከዚያ የጨው ውሃውን ገፋ ቆም፣ ገፋ ቆም እያደረግኩ ቱቦውን አጠብኩት፤ ቱቦው ከቆዳዋ የሚወጣበትን ቀዳዳ አጽድቼ ስስ ፕላስተር ለጠፍኩበት። ስጨርስ «ጎበዝ» አለችኝ። ሃያ ዓመት ስሠራ አለቃዬ እንኳ ብሎኝ አያውቅም።

ሌላው ልጅ ዘፈን እንደሚያጠና እሷ ሆስፒታል ውስጥ ሕግ ስታጠና ነው የከረመችው። ሕጉንም እንደ ዱላ ትጠቀምበት ነበር። አንድ ቀን የክፍላችን ኃላፊ ቬንትሌተሩ ለምን እንደጠፋ ሊጠይቅ ራሱን ብቅ ቢያደርግ፣ ሁለት ጊዜ አስታጠበችው፤ አንዴ ስለገባ፣ ሁለተኛ ታጥቦ ሲያበቃ አፍንጫውን ስላከከ። ሰውየው ሊነካት እንኳ አላሰበም። እጁ እየተንጠባጠበ ሲወጣ ለምን እንደመጣ ረስቶት ነበር።

አዲስ አበባ ላይ ሳምንት የሚቆይ ፕላስተር እኛ ዘንድ በሦስተኛው ቀን በላብ ጫፉ ይጠቀለላል። ስለዚህ ሰኞና ሐሙስ እንዲመጡ ተስማማን። መንደራቸው ወደ አጣዬ በሚወስደው መንገድ ወጣ ብሎ፣ በባጃጅና በእግር የሚደረስ ነው። እኩዮቿ የመስኖው ቦይ ውስጥ ሲዋኙ እሷ ዳር ተቀምጣ እግሯን ብቻ ነክራ ማን ቀድሞ እንደደረሰ ትዳኛለች አሉ። ፍርዷ ይግባኝ የለውም።

እንግዲህ አያቷ የመጡት በሦስተኛው ሳምንት ሰኞ ነው።

የእናቷ አባት ናቸው። ቁመታቸው ረጅም፣ ጢማቸው በሂና የቀላ፣ በአካባቢው ምርቃታቸው ይሠራል ተብሎ ሰው ከሩቅ የሚመጣላቸው አባት። ሙሽራ ይመርቃሉ፣ በሬ ይመርቃሉ፤ አዲስ ባጃጅ የገዛ ሰው ሳያስመርቅ ቁልፉን አያዞርም። ምርቃታቸው ደግሞ በቃል ብቻ አይደለም። ዱዓውን አድርሰው የሚያመውን ቦታ ይጠይቁና እዚያው ላይ እንትፍ! እንትፍ! ይላሉ። ጉልበቱን ያመመው ጉልበቱ ላይ፣ ራሱን ያመመው ግንባሩ ላይ። የተመረቀ ሰው አይጠርገውም፤ መጥረግ ነውር ነው፤ በራሱ እስኪደርቅ ይጠበቃል። እኔም ክርስቲያን ብሆን በዚያው አገር ነው ያደግኩት፤ በልጅነቴ ስንት ሽማግሌ እንትፍ እንዳለብኝ ቆጥሬ አልጨርሰውም። ምራቅ ከምርቃት ጋር ለእኛ ብርቅ አይደለም።

ያን ቀን ጥግ ላይ ባለው ወንበር በጸጥታ ተቀምጠው ያዩናል። አሮጌውን ፕላስተር አንስቼ ቀዳዳው ራቁቱን ቀርቷል፤ ጓንት ልቀይር ዞር አልኩ። «ቢስሚላህ» ሲሉ ሰማሁ። ቀና ስል አያት ከልጅቷ ደረት በላይ ጎንበስ ብለዋል። ከንፈራቸው ሲሰበሰብ አየሁ።

«ኧረ በሕግ አምላክ! ምራቅዎን!»

ጩኸቴ ከክንዴ ጋር አንድ ላይ ወጣ። ገፈተርኳቸው። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደው ከመድኃኒት ቁምሳጥኑ ጋር ተላተሙ፤ ውስጡ ያለው ጠርሙስ ሁሉ ተንቀጫቀጨ። ቬንትሌተሩ ስለጠፋ ጸጥታው ራሱ ይሰማ ነበር።

ቆባቸውን አስተካከሉ። «ምርቃቴን ቆሻሻ አልሽው?» አሉኝ።

ይቅርታ ማለት የነበረብኝ እዚህ ላይ ነው። እኔ ግን ግልፍተኛ ነኝ፤ ደንግጬም ነበር፤ ስደነግጥ ደግሞ አስተማሪ ልሁን እላለሁ። «አባባ፣ ከሰው አፍ የባሰ የጀርም ጎሬ የለም» አልኳቸው። አፌን ቁርጥ ያርገው! ጢማቸውን ያስቀላ፣ አገር የሚያከብረውን አባት፣ በልጃቸው ፊት፣ አፋቸውን ጎሬ አልኩባቸው።

ለልጃቸው «ተነሺ» ብቻ አሏት። እናት ተነሳች። ልጅቷ ግን አልተነሳችም፤ «ሳይለጠፍ አልሄድም» አለች። ስለዚህ ቱቦውን አጥቤ ፕላስተሩን ለጥፌ እስክጨርስ ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው ቆመው ጠበቁ። ልጅቷ ቁጥሬን አረመችኝ እንጂ ሌላ አልተናገረችኝም።

ሐሙስ አልመጡም። የሚቀጥለው ሰኞም አልመጡም። የእናቷ ስልክ ዝግ ነው። ቱቦው ሳይታጠብ ሳምንት ካለፈው ደም ውስጡ ሊረጋና ሊደፈን ይችላል፤ ፕላስተሩማ በዚያ ሙቀት ተላቅቆ ቀዳዳው አፉን ከፍቶ እንደሚሆን አውቃለሁ። ቤቴ ውስጥ ሁሉንም ሰው ተቆጣሁ፤ ባለቤቴ «ሽማግሌውን ሄደሽ ይቅርታ ጠይቂና እኛን ተይን» አለኝ። ኩራቴ ግን «እነሱ ይምጡ እንጂ!» ይለኝ ነበር።

ረቡዕ ከሰዓት በማላውቀው ቁጥር ተደወለልኝ። እናቷ ናት፤ በጎረቤት ስልክ፣ በሹክሹክታ። «አባቴ 'እኔን የናቀ ቤት ልጄ አትታከምም' ብሎ ወላሂ ከቤት አላስወጣን አለ። ነገ ዱዓ አለ፤ ሽማግሌው ሁሉ ተጠርቶ ይመርቃታል።»

«ፕላስተሩስ?»

«ተነስቶብን በጥቁር የኤሌክትሪክ ቴፕ አጣበቅነው። እጃችንን ግን ታጥበናል፤ እሷ ናት ያዘዘችን።»

ያ ቴፕ የባጃጅ ወንበር የሚለጠፍበት ነው። በማግስቱ የታሸገውን ዕቃ በንጹሕ ሳጥን አድርጌ ሚኒባስ ተሳፈርኩ፤ ከሚኒባሱ ወርጄ ባጃጅ ያዝኩ፤ ባጃጁ የማይገባበትን በማሾና በሽንኩርት ማሳ መሃል በእግሬ ሄድኩት። መንገድ ላይ የይቅርታ ንግግሬን አጠናሁ። ቢያንስ አራት ዓይነት ነበር፤ ስደርስ አንዱም አልተገኘም።

ግቢው መሃል ባለው ትልቅ ዛፍ ሥር ሰሌን ተነጥፏል። ስድስት ሰባት ሽማግሌዎች ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል፤ ጫቱ ተቀንጥሷል፤ ዱዓው ሞቋል፤ «አሚን» ሲሉ ዛፉ ላይ ያሉት ወፎች ይነሳሉ። ልጅቷ ከአያቷ ጎን እግሯን አጣጥፋ ተቀምጣለች። የቀሚሷ ቁልፍ እስከ አንገቷ ተቆልፏል፤ ከሥሩ ግን የጥቁሩ ቴፕ ጫፍ ይታያል። የሽማግሌዎቹን አፍ አየሁ። ሁሉም አረንጓዴ ነው። ዱዓው ሲያልቅ እነዚህ ሁሉ ተራ በተራ ደረቷ ላይ እንትፍ ሊሉ ነው።

አሁን መጮህ አይቻልም። ጫማዬን አውልቄ፣ ሰሌኑን ተሻግሬ፣ ፊታቸው ተንበረከክኩ።

«አባባ፣ በድያለሁ። ይማሩኝ።»

ወደ ሌላ አቅጣጫ አዩ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ይማሯት እንጂ፤ ደጅዎ ድረስ መጥታለች» አሉ። ሌሎቹም «ይማሯት፣ ይማሯት» አሉ። ሴቶቹ ከበር ላይ ያዩናል። በመጨረሻ «ምሬሻለሁ» አሉ፤ ግን ድምፃቸው ቀዝቃዛ ነበር። «ልጄን ግን እመርቃለሁ።»

«ይመርቁ» አልኩ። «ይመርቁ እንጂ አባባ። ግን መጀመሪያ የእኔን እጅ ይመርቁልኝ። ደረቷን የሚነካው የእኔ እጅ ነው። ቱቦዋን የሚከፍትና የሚዘጋ የእኔ እጅ ነው። ቢሳሳት የሚጎዳት እሱ ነው።»

ይህን መንገድ ላይ አላጠናሁትም፤ ከየት እንደመጣ አላውቅም። ዓይን ዓይኔን አዩኝ። ተንኮሌ እንደገባቸው እስከ ዛሬ እጠረጥራለሁ። ከዚያ ሁለት እጄን በሁለት እጃቸው ያዙና ዱዓቸውን አድርሰው እንትፍ! እንትፍ! አሉበት። አልቆጠቡም። ለአሥር ሰው የሚበቃ ነበር። በስተቀኛቸው ያሉት ደገሙ፤ በስተግራቸው ያሉት ሠለሱ። እጄ እስከ ክርኔ አረንጓዴ ሆነ። እኔ በሆዴ ደረቷ ተረፈ እያልኩ «አሚን» እላለሁ፤ ያን ያህል ከልቤ አሚን ብዬ አላውቅም።

«በይ አሁን ሥሪ» አሉኝ።

ሳጥኔን ሳብ አደረግኩ።

«ታጠቢ» አለች ልጅቷ።

ዓይኔን አፍጥጬ ለመንኳት፤ ቆይ፣ ቤት ስንገባ እታጠባለሁ፣ ዝም በይ እባክሽ። እሷ ግን በሕግ ጉዳይ ምሕረት የላትም። ድምጿን ከፍ አድርጋ «እጅ ሳይታጠብ አይነካም። ራስሽ ነሽ ያልሽው» አለች።

ሁለት እጄን አየር ላይ ይዤ ቀረሁ። ባልታጠብ፣ ይህ ሁሉ አረንጓዴ ነገር ልቧ ደጃፍ ሊደርስ ነው። ብታጠብ፣ ይቅር በተባልኩ በደቂቃው፣ በአገር ፊት፣ ምርቃታቸውን በሳሙና ላስለቅቅ ነው። የምይዘው የምጨብጠው አጣሁ። ለነገሩ በዚያ እጅ ምንም ባልይዝ ይሻል ነበር።

ሽማግሌው ተነሱ። ጉልበታቸው ሲንቋቋ ይሰማል። ሄዱልኝ፣ አበቃ አልኩ። ወደ ቤቱ ጥግ ሄደው ለሶላት የሚታጠቡበትን የውዱ ጆጋቸውንና ሳሙና ይዘው ተመለሱ።

«ዘርጊ» አሉኝ።

«አባባ፣ ምርቃትዎ...»

«የኔ ልጅ፣ ዱዓ በውሃ የሚሄድ ቢሆን ኖሮ፣ እኛ በቀን አምስት ጊዜ የምንታጠበው ምን ይተርፈን ነበር?»

አፈሰሱልኝ። ማልቀስ ቃጣኝ። እሳቸው ግን ጊዜ አልሰጡኝም፤ «ጣቶችሽ መሃል! ክርንሽስ?» እያሉ አረሙኝ። ሳሙናውን እንደገና አስይዘው፣ አረንጓዴው እስኪጠፋ ካስለቀቁኝ በኋላም፣ እጄ ላይ ምንም ሳይቀር አንዴ ደገሙኝ። እጅ መታጠብ ያስተማሩኝ ኮሌጁ፣ ልጅቷና እሳቸው ናቸው፤ በጥብቅነት ደረጃ ስመድባቸው ኮሌጁ ሦስተኛ ነው።

ቤት ውስጥ ገብተን በር ዘጋን። ማስክ ለሁላችንም አደረግኩ፤ የሽማግሌው ጢም ከማስኩ ሥር እንደ መጥረጊያ ወጥቶ ነበር፤ ልጅቷ እንዳትስቅ ከንፈሯን ነክሳለች። ቴፑን ቀስ ብዬ ላጥኩ። ቆዳዋ ትንሽ ቀልቷል እንጂ ቀዳዳው ደህና ነው። ክዳኑን መፈተግ ስጀምር ሽማግሌው ያለማንም ትእዛዝ መቁጠሪያቸውን አወጡ፤ በየዶቃው «ሱብሃነላህ» እያሉ ሠላሳ ሦስት ደረሱ። «አባባ አይዘሉም» አለችኝ ልጅቷ፣ እያየችኝ።

ሲሪንጁን ገጥሜ ገፋሁ። አልሄድ አለ።

በጉልበት አይገፋም፤ የረጋ ደም ካለ ወደ ልቧ ነው የሚሄደው። በእኔ ኩራት፣ በእኔ ምላስ ምክንያት ይህ ቱቦ ከተደፈነ ይህች ልጅ ሌላ ሥር የላትም። እጇን ወደ ላይ አንሺ አልኳት፤ አነሳች። አንገትሽን አዙሪ፤ አዞረች። «ኡሁ ኡሁ በይ» አልኳት፤ ሳለች። እናት ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ መሬት መሬት ታያለች። ደግሞ ሳለች። ሲሪንጁ ከጣቴ ሥር ለስለስ ሲል ተሰማኝ፤ ሳብ ሳደርገው ቀይ ክር የመሰለ ደም ብቅ አለ፤ መልሼ ስገፋው ሄደልኝ። «ሄደ» አልኩ። «አልሃምዱሊላህ» አሉ ሁሉም። እኔም አብሬ አልኩ፤ ማተቤ አንገቴ ላይ እያለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሕግ ወጣ። ምርቃት ከደረት በስተቀር የትም ይፈቀዳል፦ መዳፍ፣ እግር፣ መሃል አናት። ሽማግሌው ራሳቸው የውዱ ጆጋቸውን ይዘው በር ላይ ተሰየሙ፤ ታማሚ ልጠይቅ ብሎ የመጣ ሁሉ በእሳቸው እጅ ሳይታጠብ አያልፍም። የሩቅ ዘመድ እንትፍ ሊል ቢቃጣ «እግሯ ላይ!» የሚል ድምፅ ከበሩ ይመጣል። እናቷ እንደነገረችኝ፣ ሌላ መራቂ ሽማግሌ መጥተው ቢታጠቡም ጥፍራቸው ረዥም ነው ተብለው ተመልሰዋል። እዚህ ላይ የድሮ ቂም የገባ ይመስለኛል።

በእኛ በይፋት ቆላ ትኩሳት ማለት ወባ ማለት ነው። ልጅ ከጋለ ወባ ነው ተብሎ ይተኛል፣ ነገ ይታያል ይባላል። ለእሷ ግን ትኩሳት ወባ እንዳልሆነ፣ ትኩሳት ማለት የአዲስ አበባ መንገድ እንደሆነ መቶ ጊዜ ነግሬአቸው ነበር። ከሁለት ወር በኋላ አንድ ጠዋት ሽማግሌው ደወሉልኝ። «ሠላሳ ዘጠኝ» አሉ፤ ሰላምታ እንኳ አላስቀደሙም። «ጎረቤቱ ሁሉ ወባ ነው ይላል። እኔ ግን መኪና አስቁሜያለሁ።» ያስቆሙት መኪና ሽንኩርት ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚወጣ ነበር። ደብረ ሲና ላይ ብርዱ ሲመታቸው ሾፌሩ ጋቢውን አልብሷታል፤ ሳይታጠብ ግን አላስነካችውም አሉ፤ በመንገድ ዳር በታሸገ ውሃ ታጥቧል።

ሁለት ቀን ወሬ አልነበረም። ስለ እነዚያ ሁለት ቀናት እውነቱን ልናገር። ከመሄዷ በፊት በነበረው ሐሙስ ወረፋው በር ድረስ ተሰልፎ ነበር፤ ልጅቷ ሙቀቱ አድክሟት አልጋው ላይ አንቀላፍታለች። ክዳኑን ስፈትግ ከዘጠኝ ወደ ሠላሳ ዘለልኩ። ማንም አላየኝም። የሚያርመኝ ተኝቶ ነበር። በእነዚያ ሁለት ቀናት ያቺን ሐሙስ አንድ ሺህ ጊዜ ደጋግሜ ሠራኋት፤ በእያንዳንዱ ጊዜ እስከ ሠላሳ ቆጠርኩ፤ አልጠቀመኝም። ለማንም አልነገርኩም። ለባለቤቴም አልነገርኩም።

በሦስተኛው ቀን እናቷ ደወለች፣ እያለቀሰች። ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ።

«ወባ ነው ሲስተር! ደሟ ተመረመረ፤ ቱቦው ንጹሕ ነው አሉን፤ ወባ ብቻ ነው!»

እልል አልኩ። በሥራ ሰዓት፣ ኮሪደር ላይ፣ እልል አልኩ። ኃላፊው ከቢሮው ሮጦ ወጣ። «ምን ተገኘ?» አለኝ።

«ልጅቷን ወባ ያዛት!»

ሰውየው እስከ ዛሬ ከእኔ ትንሽ ራቅ ብሎ ነው የሚቆመው። በይፋት ምድር ወባ ያዘን ተብሎ እልል የተባለበት ቀን ያ የመጀመሪያው ይመስለኛል። እኔ ከዚያ በኋላ አንድም ቁጥር አልዘለልኩም፤ ተኝታ ሳገኛት እንኳ ድምፄን አውጥቼ እቆጥር ነበር።

የአዲስ አበባው መንገድ ክፍት በሆነበትም፣ በተዘጋበትም ጊዜ እንዲሁ ስንል ዓመት ከምናምን አለፈ። ብርቱው መድኃኒት አለቀ። ከዚህ ወዲያ በአፍ የሚወሰድና ክትትል ነው የቀራት፤ ስለ ነገ ደፍሮ የሚናገር ሐኪም የለም፤ ቱቦው ግን ሥራውን ጨርሶ አዲስ አበባ ላይ ወጣላት። ጀርም ነክቶት አይደለም፤ ስላበቃ ነው።

የመጡት ሰኞ ነው፤ በልማድ። ልጅቷ ገብታ አልጋው ላይ ወጣች፤ ፀጉሯ እንደ ጥቁር ስፖንጅ ሞልቷል። እኔ በልማድ መስኮቱን ዘጋሁ፣ ቬንትሌተሩን አጠፋሁ፤ ከዚያ ምንም የምሠራው ሥራ እንደሌለ ትዝ አለኝ። የቀሚሷን ቁልፍ ፈትታ አሳየችኝ። አንድ ትንሽ ጠባሳ፣ የማሾ ፍሬ የምታህል።

አያቷ ከወንበራቸው ተነሱ። «ሲስተር» አሉኝ፣ «አሁንስ ይፈቀዳል?»

«ይፈቀዳል አባባ።»

«መጀመሪያ አፍዎን ይጉመጥመጡ» አለች ልጅቷ። ሳያጉረመርሙ ሄደው ተጉመጠመጡ፤ እጃቸውንም ታጠቡ፤ የጣቶቻቸውን መሃል ሳይቀር። ተመልሰው ከደረቷ በላይ ጎንበስ አሉ። ከዓመት በላይ ያቆዩት ነገር ነው፤ ዱዓውን አስረዘሙት። ከንፈራቸው ተሰበሰበ። እንት... አሉ፤ ምንም አልወጣም። ደግመው ሞከሩ። በሬና ባጃጅ ሲመርቁ የማያንሳቸው ሰውዬ አፋቸው ደርቆ ቀረ። «ምራቄ እምቢ አለኝ» አሉ፤ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ከጢማቸው ጫፍ አንድ የእንባ ጠብታ ተንጠልጥላ አየሁ።

እጄ አላማከረኝም። ተወርውሮ ጠባሳዋን ሸፈነው፤ ጠብታዋ እጄ ጀርባ ላይ ወደቀች። ከሥሩ የሚሸፈን ነገር አልነበረም፤ ትንሽ ደረት ብቻ፣ ከውስጡ የሚመታ።

ልጅቷ ቁልቁል እጄን አየች፤ ከዚያ እኔን አየች።

«ሳትታጠቢ ነካሽኝ» አለችኝ።

እውነቷን ነው። እጄን እዚያው ተውኩት።